ከሰባት ወደ አምስት

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ሊፍቱ በቆመበት፣
አራተኛው ፎቅ ላይ ነው የኛ መሥሪያ ቤት።
ሁለት ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ አንድ ራውተር፣
መብራት ሲሄድ እኛም አብረን የምንሰወር።

ጨዋታችን ቀላል ነው፤ ማታ፣ ሜክሲኮ ላይ፣
የመጨረሻዋ ታክሲ፣ አንድ ባዶ ወንበር፤ ማን ይቀድም እንይ።
ተማሪ አለ፣ ነርስ አለች፣ ዘበኛ አለ፣
ሳጥኑን በትከሻው ያንጠለጠለ
ሊስትሮም አለ።

ሊስትሮው ሲዘል ሰባት እርምጃ ነበር።
ሰባት ብዙ ነው።
ከአስር ጨዋታ ስምንቱን እሱ ሲያሸንፍ፣
ነርሷን የሚመርጣት ጠፋ፤ ዘበኛውም ቆሞ ቀረ ከደጃፍ።
ሐምዲያ ቁጥሩን አየች፣ መነጽሯን አወለቀች፣
"ሁሉም ሰው ሊስትሮ ከሆነ ማን ጫማ ያስጠርጋል?" አለች።

ዓርብ ማታ ቀነስነው።
የአንድ ጣት ሥራ ናት፤ ቁልፉን ስጫነው አልከበደኝም።
ከዚያ ማስታወቂያ ጻፍኩ፣ ቦርሳዬን አንግቼ፣ ቆሜ፦
"በጨዋታው ላይ አነስተኛ ማስተካከያ ተደርጓል።"
ተደርጓል።
ማን እንዳደረገው፣ ለምን፣ ስንት፣ ከየት ወዴት፣
ቃሉ ሁሉንም ውጦ ዝም ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ በስድብ ተሞልቶ ነቃ፤
"ሌቦች"፣ "ገንዘብ ልትለቅሙበት ነው"፣ "ይህ ጨዋታ በቃ"።
ከመሃላቸው አንዱ ስድብ የለውም፤ ኑረዲን ይባላል፣
ቸርችል ቁልቁለት ላይ መኪና ያስቆማል፣
"እጄ የተበላሸ መስሎኝ ሌሊቱን ስለማመድ አደርኩ" ይላል።

ያቺን አንድ መስመር ደጋግሜ አነበብኳት።
ልጁ ጥፋቷን ከራሱ ላይ ፈለጋት።
የወሰድንበትን ሁለት እርምጃ እኛ፣
ከገዛ ጣቶቹ መሃል ሲፈልግ አደረ፣ ሳይተኛ።

ስመጣ ከአራት ኪሎ፣ ሰኞ፣ በሚኒባስ የጥግ ወንበር፣
ረዳቱ ከመልሴ ላይ አጎደለ አምስት ብር።
"ታሪፍ ተጨምሯል" አለ።
"ማን ጨመረው?"
"ተጨምሯል አልኩሽ እኮ!"
"መቼ? በስንት?"
"እህቴ፣ ተጨምሯል፤ ካልፈለግሽ ውረጂ።"
አንዲት ሴትዮ "ወረቀቱን አሳየን" አሉት።
የምን ወረቀት? መስታወቱ ላይ የተለጠፈው አምና ደብዝዟል።
እኔ ግን ዝም አልኩ።
የዓርቡ ዐረፍተ ነገሬ ነበር፣
በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሒሳብ የሚቀበል።

ብሔራዊ ወረድኩ። አራቱን ፎቅ በእግሬ፣ ሳላርፍ፣
ሐምዲያ ገና ቦርሳዋን ሳታሳርፍ፣
"አደረግን በይ" አልኳት። "ተደርጓል አይደለም። አደረግን።"
"ይሰድቡናል።"
"አሁንስ እያመሰገኑን ነው? ቢያንስ ስማችንን ይዘው ይስደቡን።"

እንዲህ ጻፍን፦
"የሊስትሮውን ዝላይ ከሰባት ወደ አምስት ቀነስነው።
ከአስር ስምንቱን እሱ ሲያሸንፍ ሌሎቹ ወንበር አጡ።
ሳንነግራችሁ ማድረጋችን ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የኛ።
እጃችሁ አልተበላሸም።
አምስት ልክ መሆኑን ገና አናውቅም፤
እስከ ወሩ መጨረሻ ቆጥረን፣ ካነሰ እንመልሳለን።
ሐምዲያ እና ትርሲት።"

"እጃችሁ አልተበላሸም" የምትለውን ሐምዲያ ልትሰርዛት ነበር፣
"ይህ ቁጥር አይደለም" ብላ።
ትቆይ አልኳት። ቆየች።

አመሻሽ ላይ ቸርችልን ቁልቁል ስወርድ፣
ሰደርያ የለበሱ ልጆች መኪና ይቆጥራሉ፣
የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ ሁሉም ስልካቸው ላይ አጎንብሰዋል።
ኪሴ ነዘረኝ።

"አነበብኩት። አልወደድኩትም። ገብቶኛል።
እኔ ራሴ አምባሳደር በር ላይ ሦስት ዓመት ሳጥን ይዣለሁ፤
እሱን የምመርጠው ለዚህ ነው።
ሊስትሮ ሰባት ይዘላል፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ፤
አይቼ አይደለም፣ ዘልዬ ነው።
አምስት ግን አነሰ፣ ትርሲት።
ስድስት አድርጉትና እንስማማ።"